ጫት ሳይጠወልግ በሚደርስበት መንገድ ቲማቲም ለምን ይበሰብሳል?

በግንቦት ወር የወላጆች ቀን ከተከበረ በኋላ ግቢውን ያጸዳነው እኛ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አባላት ነበርን። ወንበሮቹን ደረደርን፣ ድንኳኑን አወረድን፣ በመጨረሻ ሳህኖቹን ለመሰብሰብ ሄድን። ያልተነካ እንጀራ፣ ግማሹ የተበላ ዶሮ ወጥ፣ ማንም ያልቀመሰው ሰላጣ፣ አንዴ ብቻ የተገመጠ ሙዝ አገኘን። የጅቡቲ ሙቀት ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። አመሻሹ ላይ ሰላጣው ሸትቶ፣ ወጡም አረፋ አውጥቶ ነበር። ዘጠኝ ትልልቅ ፌስታል ሞልተን ወደ ቆሻሻ ገንዳው ስንጎትት ከመካከላችን አንዷ፣ «እማዬ ለዚህ ዶሮ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው የተነሣችው» አለች። ከዚያ በኋላ ብዙም አላወራንም።

ይህን የምንጽፈው ለፍተው ያበሉንን እናቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም። ነገር ግን ያ ምግብ ከየት መጥቶ እዚያ ገንዳ ውስጥ እንደገባ ማወቅ ፈለግን። ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ከመምህራችን ጋር ወደ ገበያ ወርደን ቲማቲም የምትሸጥ አንዲት እናት አነጋገርን። የእንጨት ሳጥኑን ከፍታ አሳየችን። ከላይ ያለው ቀይና ጠንካራ ነው። ወደ ታች ሲኬድ የተጨፈለቀ፣ ውሃ ያወጣ፣ ሻጋታ የጀመረው ይበዛል። «የተበላሸውን ማን ይከፍልልሻል?» ብለን ጠየቅናት። ሳቀችና፣ «እናንተ ናችኋ! በደህናው ላይ እጨምረዋለሁ» አለችን።

መልሷ ሙሉ የሒሳብ ትምህርት ነበር። ከአሥር ኪሎ ሦስቱ ቢበሰብስ የቀረው ሰባት ኪሎ የአሥሩን ዋጋ መሸከም አለበት። ገበሬው ለተበላሸው ገንዘብ አያገኝም፣ ነጋዴዋ ትከስራለች፣ እናቶቻችንም በውድ ይገዛሉ። ከሦስቱ አንዳቸውም አልተጠቀሙም።

ጅቡቲ የሚታረስ መሬት የላትም ማለት ይቻላል። የምትበላውን አብዛኛውን ከውጭ ታስገባለች። ከምንበላው አትክልትና ፍራፍሬ ብዙው ከኢትዮጵያ በመኪና ይመጣል። «መንገዱ ሩቅ ነው፣ አገሩም ሞቃት ነው፤ ምን ይደረግ?» የሚል መልስ ከብዙ ሰው ሰምተናል። እኛ ግን ይህ መልስ አላሳመነንም። ምክንያቱም በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሙቀት፣ በየቀኑ ሳይጠወልግ የሚደርስ ቅጠል አለ። እሱም ጫት ነው።

ጫትን ልናመሰግን አይደለም። በየቤቱ የሚያመጣውን ጣጣ ሁላችንም እናውቃለን። ግን እንዴት እንደሚጓዝ እንመልከት። ከሐረርጌ ደጋ ተቆርጦ፣ እርጥበቱ እንዳይጠፋ ተጠቅልሎ፣ በዚያው ቀን ጅቡቲ ከተማ ገብቶ ይሸጣል። ሁለት ቀን ካደረ ዋጋ እንደሌለው ቆራጩም፣ ጠቅላዩም፣ ሾፌሩም፣ ሻጩም ያውቃሉ። ስለዚህ ሁሉም ይጣደፋል። ቲማቲም ግን በፀሐይ ተለቅሞ፣ በሳጥን ታጭቆ፣ በሳጥን ላይ ሳጥን ተጭኖበት፣ መኪናው እስኪሞላ ይጠብቃል። ስለዚህ ችግሩ መንገዱ ብቻ አይደለም። ጥንቃቄ የሚደረገው ከልብ ለሚፈለግ ነገር መሆኑ ነው።

«ጫት ዋጋው ውድ ስለሆነ ለሩጫው ይከፍላል፤ ቲማቲም ግን ከየት ያመጣል?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው። ደግነቱ ቲማቲም ያን ያህል ሩጫ አያስፈልገውም። ቲማቲም ከተለቀመም በኋላ ይተነፍሳል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር አተነፋፈሱ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይፈጥናል፤ ዕድሜውም በዚያው ልክ ያጥራል። ስለዚህ ማለዳ መልቀም፣ ወዲያው ጥላ ሥር ማስቀመጥ፣ ከጥልቅ የእንጨት ሳጥን ይልቅ አየር የሚያስገባና እርስ በርሱ ሲደራረብ የማይጫን የፕላስቲክ ሣጥን መጠቀም ብቻውን ብዙ ያድናል። እነዚህ ሁሉ አውሮፕላን የሚጠይቁ ነገሮች አይደሉም።

ጉዳዩ የእኛ መንገድ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እንደሚለው በዓለም ከሚመረተው ምግብ 13 በመቶ ያህሉ ከምርት በኋላ፣ ችርቻሮ ሱቅ ሳይደርስ ይጠፋል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ደግሞ በ2022 እ.ኤ.አ. በሱቆች፣ በምግብ ቤቶችና በመኖሪያ ቤቶች ብቻ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ መጣሉን አስታውቋል። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የተጣለው በመኖሪያ ቤት ነው። ይህን ስናነብ ወዲያው ዘጠኙ ፌስታሎች ትዝ አሉን። ገበሬውንና ሾፌሩን ስንወቅስ የሰነበትን እኛ የሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ነን። መጨረሻ ላይ የሚጣል ምግብ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ኪሳራ ነው፤ የገበሬውን ድካም፣ የመኪናውን ነዳጅ፣ የነጋዴዋን ኪሳራ፣ የእናትን እንቅልፍ ሁሉ ይዞ ነው የሚጣለው።

«ድግስ ካልተረፈ ያሳፍራል» የሚለውን ባህላችንን እናከብራለን። እንግዳ ጠግቦ ካልሄደ ባለቤት አይተኛም። ነገር ግን አያቶቻችን ትርፉን አይጥሉትም ነበር። እንጀራውን አድርቀው ድርቆሽ፣ ሥጋውን ሰቅለው ቋንጣ ያደርጉታል። የማታው ወጥ ለጠዋት ፍርፍር ይሆናል። ማትረፍ ባህላችን ነው፤ መጣል ግን ከአያቶቻችን የወረስነው አይደለም።

ስለዚህ ለሚመጣው ዓመት የወላጆች ቀን አራት ነገሮችን እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ከበዓሉ አስቀድሞ የሚመጣው ሰው ቁጥር ይመዝገብ፤ ምግቡም በየክፍሉ ይደልደል። ባለፈው ጊዜ ሁሉም ቤት ሰላጣ ይዞ መጥቶ ነበር።

ሁለተኛ፣ ሳህን ላይ ጥቂት ይነሣ፤ የፈለገ ደግሞ ይመለስ። ሁለተኛ ጊዜ መነሣት ነውር እንዳልሆነ ከመድረክ ይነገር። ሕፃናትም የሚወዱትን ራሳቸው ይምረጡ።

ሦስተኛ፣ ምግቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይከፈት። ያልተነካው ተሸፍኖ በጥላ ወይም በማቀዝቀዣ ይቆይና ሳይበላሽ ለጥበቃዎች፣ ለጽዳት ሠራተኞችና ለሚያስፈልጋቸው ቤተሰቦች ይላክ። በዚህ ሙቀት የበሰለ ምግብ ከአንድ ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት ስለሌለበት ውሳኔው ከበዓሉ በፊት ይወሰን፤ ማታ ላይ የሚሰጥ የበሰበሰ ወጥ ስጦታ አይባልም። የተረፈውን እንጀራም እኛ አድርቀን ድርቆሽ እናደርገዋለን።

አራተኛ፣ የሚጣለው ይመዘን። ሚዛኑን ይዘን በገንዳው አጠገብ የምንቆመው እኛ ነን። ውጤቱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን፤ የማንንም ቤት ስም ግን አንጽፍም።

ለቤትም አንድ ነገር እንጨምር። ሙዝና ቲማቲም አንድ ላይ አይቀመጡ። ሙዝ ሲበስል የሚያወጣው ጋዝ አጠገቡ ያለውንም ያበስላል፤ ቶሎም ያበላሻል። ይህን በቤታችን ከሞከርን በኋላ ከእናቶቻችን ምስጋና አግኝተናል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባላል። ሃምሳው ሎሚ ግን ጌጥ የሚሆነው ሳይበሰብስ ከደረሰ ነው። የሐረርጌን ገበሬ መንገድ ዛሬ ማስተካከል አንችል ይሆናል። የግቢያችንን ገንዳ ግን እንችላለን። በሚመጣው ዓመት ከዘጠኝ ፌስታል ስንት እንደቀረ በዚሁ መጽሔት እንነግራችኋለን። ቁጥሩ ካልቀነሰም እሱኑ እንጽፋለን።