እስስትን በቀለሟ ብቻ አንለይ

ቀንድ የሌላት ትንሽ እስስት በኢትዮጵያ ደጋ ስትገኝ «ትሪዮሴሮስ አፊኒስ» ብሎ መመዝገብ ይቀናናል። ይሁን እንጂ የዚህች ዝርያ የቅርብ ዘመድ የሆነችው ትሪዮሴሮስ ቮልፍጋንግቦህማይ በ2021 እ.ኤ.አ. ከባሌ ተራሮች ሰሜናዊ ተዳፋት ራሷን የቻለች ዝርያ ሆና ተገልጻለች። ከለዩአት ምልክቶች መካከል ከጀርባዋ እስከ ጅራቷ የተደረደሩት ጎላ ያሉ ሾጣጣ ቅርፊቶች ይገኙበታል።

የእስስት ቀለም ከሙቀት፣ ከፍርሃትና ከፉክክር ጋር ስለሚለዋወጥ ለብቻው ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ቅርፊትም ቢሆን በዕድሜና በፆታ ሊለያይ ይችላል። በአንጻሩ የዘረመል ልዩነት ብቻውን አዲስ ዝርያ አያሰኝም፤ በሸለቆ የተነጣጠሉ የአንድ ዝርያ ማኅበረሰቦችም በዘረመል ሊራራቁ ይችላሉና። ስለዚህ ዝርያ ሊለይ የሚገባው የአካል ቅርጽ፣ የዘረመልና የመኖሪያ ሥፍራ ማስረጃዎች ተደጋግፈው ሲቆሙ ነው።

በእኔ እምነት የእስስት ስም የሚጠቅስ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ የናሙናውን መለያ ቁጥር፣ የተገኘበትን ቦታና ከፍታ፣ እንዲሁም ለዘረመል ምርመራ የተቀመጠውን ቅንጣት ሊያመለክት ይገባል። ያለዚህ ቀጣዩ ተመራማሪ ስሙን መልሶ ሊፈትሽ አይችልም።

ጉዳዩ የስያሜ ክርክር ብቻ አይደለም። በአንድ ጠባብ ደን ብቻ የምትኖር ዝርያ በስህተት ከተስፋፋችው ጋር ከተቆጠረች፣ ደኑ ሲመነጠር መጥፋቷን የሚያውቅ አይኖርም።