ተራራ አይሸመትም

የምሟገተው ስለ ካርቶን ነው። ጉዳዩ የቀለለ የሚመስላችሁ አንባብያን ጥቂት እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

«የጠረጴዛ ጦርነት» የሚባል ጨዋታ አለ። ከአውራ ጣት የማይበልጡ ወታደሮች በጠረጴዛ ላይ ይሰለፋሉ፤ ሁለት ሰዎች ርቀት እየለኩ ያንቀሳቅሷቸዋል፤ ተኩሱ ማንን እንደ መታ ዳይስ ይወስናል። ለወታደሮቹም የሚዋጉበት ኮረብታ፣ ወንዝ፣ አጥርና መንደር ያስፈልጋቸዋል። ዛሬ ይህ ሁሉ ተሠርቶ በሳጥን ይሸጣል። «በካርቶንና በፎም የሚሠራው የድሃ ነው፤ ገንዘብ እስኪገኝ መቆያ ነው» የሚሉ ተጫዋቾች ሞልተዋል። እኔ ደግሞ መልክዓ ምድሩን የገዛ ሰው የጨዋታውን ግማሽ፣ ያውም ሐሳብ የሚጠይቀውን ግማሽ፣ ለሻጩ ትቶለታል እላለሁ።

ምስክሮቼን ከመጻሕፍት እጠራለሁ። ላውረንስ ስተርን ከ1759 እስከ 1767 እ.ኤ.አ. በየክፍሉ ባሳተመው «ትሪስትራም ሻንዲ» ልቦለድ ውስጥ አጎት ቶቢ የሚባል፣ በናሙር ከበባ የቆሰለ ጡረተኛ መኮንን አለ። የት ቆሞ እንደ ቆሰለ ለጠያቂዎቹ በቃል ማስረዳት ሲያቅተው ወደ ካርታ ዞረ፤ ካርታውም አልበቃ ሲለው ከአገልጋዩ ከትሪም ጋር በሣር ሜዳ ላይ ምሽግ መቆፈር ጀመረ። መድፍ ሲጎድላቸው ትሪም ከቤቱ መስኮት ላይ የእርሳስ ሚዛኑን ፈታ፤ የቤተሰቡ አሮጌ ቦት ጫማም ሞርታር ሆነ። በ1826 እ.ኤ.አ. ደግሞ የብሮንቴ ልጆች አባት ለወንድ ልጁ የእንጨት ወታደሮች አመጣለት። ልጆቹ ለወታደሮቹ ስም አወጡ፤ አገር ፈጠሩላቸው፤ ታሪካቸውንም መዳፍ በማይሞሉ መጻሕፍት ጽፈው በስኳር መጠቅለያ ወረቀት ጠረዙ። «ጄን ኤር»ን የጻፈችው እጅ ብዕር ያሟሸችው በዚያ አገር ነው። ኤች. ጂ. ዌልስም በ1913 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ትንንሽ ጦርነቶች» ለዛሬው ጨዋታ መሠረት ከሆኑት መጻሕፍት አንዱ ነው፤ የመጀመሪያ ኮረብታዎቹ ግን ምንጣፍ ላይ የተደረደሩ የኢንሳይክሎፒዲያ ጥራዞች ነበሩ። ከእነዚህ ሁሉ ተራራ ሸምቶ የመጣ አንድም የለም።

ነጋዴውም ቢሆን ይህን ያውቅ ነበር። የ«ዋርሃመር» ባለቤት የሆነው የእንግሊዙ ጌምስ ወርክሾፕ በ1980ዎቹ በመጽሔቱ ላይ ከዲኦዶራንት ዕቃ ታንክ እንዴት እንደሚሠራ ለአንባቢዎቹ ያሳይ ነበር፤ በ1990ዎቹም መልክዓ ምድር በቤት ውስጥ ስለመሥራት ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳትሟል። ዛሬ በመደርደሪያው ላይ ጎልቶ የሚታየው የፕላስቲክ ሕንፃ ነው። ነጋዴ ቢነግድ አይወቀስም፤ የምወቅሰው ተጫዋቹን ነው፤ እጁን ሸጦ «አደግሁ» የሚለውን።

አሠራሩን ለማያውቁ ልግለጽ። የቴሌቪዥን ማሸጊያ ነጭ ፎም በቢላ ተቆርጦ ሲደራረብ ገደል ይሆናል። የሚረጭ ቀለም ፎሙን ስለሚበላው አስቀድሞ በኮላ መለበጥ አለበት። በኮላው ላይ አሸዋና የደረቀ የቡና አተላ ሲነሰነስ አፈር ይሆናል። መጀመሪያ ጥቁሩ ቀለም ይቀባል፤ ከደረቀ በኋላ፣ ቀለሟ ሊያልቅ በተቃረበ ብሩሽ ፈዛዛው ቀለም ጠርዝ ጠርዙን ሲዳብስ ዓለቱ ፀሐይ የመታው ይመስላል። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ተቦጫጭቆ አረንጓዴ ሲነከር ቁጥቋጦ፣ ስቴኪኒ ሲደረደር አጥር ነው። ከሁሉም የሚደንቀኝ ካርቶን ነው፤ የላይኛው ወረቀቱ ሲላጥ ከሥሩ የሚወጣው ሽንትር ቁልጭ ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ዕቃ ዕቃ ተጫውቶ ያደገ ሰው ይህን ዓይን ያውቀዋል። የቆርኪ ክዳን ድስት፣ ጭቃውም ወጥ ነበር። ለግጥም የምንመኘው ዓይን ይህ አይደለምን? በአንዱ ነገር ውስጥ ሌላውን ነገር ማየት? የሰው ቤት መምቻ ሐረግ ለቅሞ ግጥም የሚሞላን ገጣሚ የምንነቅፍ ሰዎች፣ ኮረብታውን ከመደርደሪያ ያነሣውን የምናደንቅበት ምክንያት አይገባኝም።

ነገሩ ከማስመሰልም ያልፋል። በተለመደው አንድ ሰባ ሁለተኛ መጠን ሰው ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ይቆማል። በዚያው መጠን የ500 ሜትር ተራራ 7 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ጣሪያ ይበሳል። ስለዚህ ሠሪው ተራራውን ማሳጠር፣ ምን እንደሚያስቀርና ምን እንደሚጥል መወሰን አለበት። ለመወሰንም ያንን ተራራ ማንበብ አለበት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን አስቡ። ጄኔራል አልቤርቶኒ «ኪዳነ ምሕረት» የተባለውን ኮረብታ እንዲይዝ ታዘዘ። የተሰጠው ንድፍ ካርታ ግን ያንን ስም የጻፈው በሌላ ኮረብታ ላይ ነበር። እሱ በእውነት በዚያ ስም ወደሚጠራው ገሰገሰ፤ ከሌሎቹ ብርጌዶች ኪሎ ሜትሮች ርቆ ብቻውን የኢትዮጵያ ሠራዊት ፊት ተገኘ። ለአድዋ ድል ሌሎች ብዙ ምክንያቶች አሉ፤ ከእነሱ ጋር ግን መሬቱን የሚያውቅ ሠራዊት መሬቱን በወረቀት ብቻ ከሚያውቅ ሠራዊት ጋር መግጠሙ አለበት። አድዋን በጠረጴዛ ላይ ሊያቆም የሚሻ ሰው ከሳጥን የወጣ፣ የየትም አገር ሊሆን የሚችል ኮረብታ ምን ያደርግለታል? ሰማያታን፣ ራዮንና አባ ገሪማን እያንዳንዳቸውን በየመልካቸው ሊቀርጻቸው ይገባል። ሲቀርጻቸው አንዱ ብርጌድ ሌላውን ለምን ማየት እንዳልቻለ በጣቶቹ ይረዳል።

ሙያዬ ገንዘብ መቁጠር ስለሆነ «ርካሽ ስለሆነ ነው የወደድኸው» እንዳትሉኝ። ርካሽ አይደለም። ሳምንታት የፈጀ ኮረብታ በሰዓት ደመወዝ ቢሰላ ከመደብሩ ዋጋ ይበልጣል። «የተገዛው ያምራል» ቢሉኝም አልክድም፤ አዎን፣ ብዙ ጊዜ ያምራል። ማማሩ ግን የገዢው አይደለም።

የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነው፤ «ጦርነት ባቆሰላት አገር ጦርነትን መጫወት ነውር አይደለምን?» ያው የአድዋ ምድር ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. እንደገና የጦር አውድማ ሆኗልና ጥያቄውን በቀልድ ማለፍ አይቻልም። ጨዋታው ጦርነትን ያስቀራል አልልም፤ ዌልስ ትንሹ ጦርነት የትልቁን ጅልነት ያሳያል ብሎ በጻፈ በዓመቱ ዓለም ተቀጣጥላለች። የምለው ከዚያ ያነሰ ነው። ከሳጥን የሚወጣውን መንደር ልብ ብላችሁ እዩት፤ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው ፈርሶ ነው የሚመጣው። ግድግዳው የተቦደሰ፣ ጣሪያው የሌለ፣ ማንም ያልኖረበት ፍርስራሽ ነው። መንደሩን በእጁ የሚሠራ ሰው ግን ከማፍረሱ በፊት መሥራት አለበት። በሩ ወደየት ይዞር? ውኃ ከየት ይቀዳሉ? በጓሮው ምን ተተክሏል? እነዚህን ጥያቄዎች በካርቶንና በክብሪት እንጨት የመለሰ ሰው መድፉን ወደዚያ ጣሪያ ሲያዞር ምን ላይ እንዳነጣጠረ ያውቃል። ጦርነትን በሥዕልና በስም ብቻ የምናውቅ ሰዎች የጎደለን ይህ እውቀት ነው።

እንግዲህ የሚቀጥለው ካርቶን ቤታችሁ ሲገባ አትጣሉት። አንድ ገጹን ላጡት። መጀመሪያ ጣሪያውን ሥሩ፤ ከሥሩ ማን እንደሚኖር አስቡና ከዚያ በኋላ፣ አሁንም ወታደር ካሻችሁ፣ ወታደሮቹን አምጡ።