ማዕድን ባለቀባቸው መንደሮች በኩል ወደ ሳንታ ፌ

በሰሜን አሜሪካ፥ በኒው ሜክሲኮ ግዛት፥ ከአልበከርኪ ወደ ሳንታ ፌ ከተማ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ሰፊው አውራ ጎዳና ነው፤ በርሱ የሄደ ሰው በአንድ ሰዓት ያህል ይደርሳል፥ ዳሩ ግን በመንገዱ የሚያየው ነገር እምብዛም ነው። ሁለተኛው ከሳንዲያ ተራራ በስተ ምሥራቅ እየተጠማዘዘ የሚሄደው ባለ 14 ቍጥሩ መንገድ ነው። ርዝመቱ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ስሙም ፌሩዝ በሚባለው ሰማያዊ የከበረ ድንጋይ ተሰይሟል። በ2000 ዓ.ም. የአገሩ መንግሥት ከውብ መንገዶቹ ተራ መዝግቦታል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ አገር የምትኖሩ አንባብያን ልጆቻችሁን ይዛችሁ አንድ ቀን ለመንሸራሸር ብታስቡ፥ እኛ የምንመርጥላችሁ ይህን ሁለተኛውን ነው። ጧት ተነሡ፤ ስንቅ ያዙ፤ ከስንቁም ይልቅ ውሃ አትርሱ።

ውሃ ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የዚህ አገር ታሪክ ግማሹ የወርቅና የከሰል ታሪክ ነው፤ ግማሹ ግን የውሃ ማጣት ታሪክ ነው። በመንገዱ አጠገብ ባሉት በኦርቲዝ ተራሮች ወርቅ የተገኘው በ1820ዎቹ ነው፤ ይህም ዓለም ያወቀው የካሊፎርኒያ የወርቅ ጥድፊያ ከመነሣቱ ሃያ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ወርቁ ከአሸዋ ጋር የተደባለቀ ስለ ነበረ በውሃ መታጠብ ነበረበት፤ ውሃ ግን አልነበረም። ስለዚህ ድኾቹ ወርቅ አጣቢዎች የክረምቱን ብርድ ይመርጡት ነበር፤ ድንጋይ በእሳት እያጋሉ በረዶውን ያቀልጡና በዚያ ውሃ ወርቃቸውን ያጥቡ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ስመ ጥሩው ቶማስ ኤዲሰን ወርቁን ያለ ውሃ፥ በኤሌክትሪክ ኀይል ከአሸዋው ለመለየት በዚያው ስፍራ ሞክሮ ነበር፤ አልሆነለትም።

ጎልደን የምትባለው መንደር ዛሬ ጥቂት ቤቶች ብቻ ቀርተውባታል። ከመንገዱ ዳር ከፍ ባለው ጕብታ ላይ ግን በጭቃ ጡብ የተሠራች ትንሽ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትታያለች፤ የተሠራችውም በ1830ዎቹ ገደማ ነው። መንደሩ ሲፈታ እርሷም ልትፈርስ ደርሳ ሳለ፥ በ1960 ዓ.ም. አንድ የፍራንቸስኮስ ማኅበር ካህን፥ ታሪክ ጸሓፊውና ባለ ቅኔው አንጀሊኮ ቻቬዝ፥ አሳደሳት። ባንኩና መጠጥ ቤቱ የጠፉበት መንደር ቤተ ክርስቲያኑ ቀርቶለት ማየት ደስ የሚያሰኝ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ማድሪድ ይገኛል። ስሙ የእስፓንያ ዋና ከተማ ስም ቢሆንም፥ ሰዎቹ ሲጠሩት የመጀመሪያውን ክፍል አጥብቀው ስለ ሆነ እንደ እስፓንያው የጠራ እንግዳ ወዲያው ይታወቃል። ይህ መንደር የወርቅ አይደለም፤ የከሰል ድንጋይ መንደር ነው። ቤቶቹም፥ ሱቁም፥ ሐኪም ቤቱም የአንድ ኩባንያ ንብረት ነበሩ። የመጠጥ ውሃው እንኳ በባቡር ይመጣ ነበር። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ሠራተኞቹ ከደመወዛቸው በየወሩ እያዋጡ፥ በልደት በዓል ሰሞን መንደሩንና ኮረብቶቹን በብዙ ሺህ የኤሌክትሪክ አምፖል ያስጌጡ ነበር፤ የቤተ ልሔምንም ታሪክ በምስል ሠርተው በተራራው ላይ ያቆሙ ነበር። አውሮፕላኖችም ተሳፋሪዎቹ ያን ብርሃን ያዩ ዘንድ መንገዳቸውን ያዞሩ እንደ ነበር ይነገራል። ቀን ከመሬት በታች በጨለማ የሚውል ሰው ከጥቂት ደመወዙ ከፍሎ ለሌሊቱ ብርሃን መግዛቱን እኛ እንደ ከንቱ ወጪ አንቈጥረውም። ጦርነቱ ወደ አሜሪካ ሲደርስ፥ ከ1941 ዓ.ም. በኋላ፥ ብርሃኑ ጠፋ።

ከጦርነቱ በኋላ ባቡሮች ከከሰል ወደ ናፍጣ ተዛወሩ፤ ቤቶችም በጋዝ መሞቅ ጀመሩ። በ1954 ዓ.ም. ማዕድኑ ተዘጋ። ሠራተኛው በኪራይ ይኖርበት የነበረው ቤት የርሱ ስላልነበረ፥ ሥራው ሲቀር ቤቱም አብሮ ቀረ፤ ቤተ ሰቦች ዕቃቸውን ጭነው ወጡ። መላው መንደር በ250,000 ዶላር እንዲሸጥ በጋዜጣ ማስታወቂያ ወጣ፤ የገዛው ግን አልተገኘም። ባለቤቱ በ1970ዎቹ ቤቶቹን አንድ በአንድ ለሠዓሊዎችና ለእጅ ጥበብ ሰዎች ማከራየትና መሸጥ ጀመረ፤ መንደሩም በዚህ ዳነ። ዛሬ የእንጨት ቤቶቹ ተቀብተው የሥዕልና የጌጥ ሱቆች ሆነዋል። የድሮውን የባቡር ሞተር ልጆች ከሙዚየሙ ዘንድ ያያሉ። ቀለሙ ለእኛ ትንሽ በዝቶብናል፤ ባዶ ከመቅረቱ ግን ይሻላል።

በሴሪዮስ ብዙ መቈየት አያስፈልግም፤ አቧራማ መንገዶቿን በእግር ማየት ይበቃል። የፌሩዙ ድንጋይ የሚወጣው ከዚህ ኮረብቶች ነበር፤ የአገሩ ተወላጆች የፑኤብሎ ሕዝቦች እስፓንያውያን ሳይመጡ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በድንጋይ መዶሻ ይቈፍሩት ነበር።

ሳንታ ፌ በ1610 ዓ.ም. የእስፓንያ ግዛት መቀመጫ ሆነች፤ በአሜሪካ ካሉት የግዛት ዋና ከተማዎች ሁሉ በዕድሜ ትበልጣለች። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,200 ሜትር ገደማ ስለ ሆነች፥ አዲስ አበባን የለመደ ሰው አየሯ አያስቸግረውም። ግድግዳዎቿም ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ የተሠሩ ወይም ያን የሚመስሉ ናቸው፤ በ1957 ዓ.ም. የወጣው የከተማው ደንብ በአሮጌው ሰፈር ይህ መልክ እንዲጠበቅ ያዛል። ከጭቃ ቤት የወጣን ሰዎች በጭቃ ቤት እንደምናፍር ላየ ይህ ደንብ ሳያስገርም አይቀርም።

በአደባባዩ ዳር የቆመው የገዢዎች ቤተ መንግሥት ብዙ አይቷል። በ1680 ዓ.ም. የፑኤብሎ ሕዝቦች፥ አምልኳቸው ስለ ተከለከለባቸውና በግዳጅ ሥራ ስለ ተጨቈኑ፥ ተባብረው ተነሡ፤ እስፓንያውያንንም አስወጥተው ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ከተማውን ያዙ። ዛሬ ከዚያው ቤተ መንግሥት ደጅ፥ ከሰቀላው ጥላ ሥር፥ የነዚያ ሰዎች ልጅ ልጆች የብርና የፌሩዝ ጌጥ በጨርቅ ላይ ዘርግተው ይሸጣሉ። በየሱቁ ቀለም የተነከረ አስመሳይ ድንጋይ ስለሚሸጥ መግዛት የፈለገ ከነዚህ ይግዛ፤ ደንባቸው የራሳቸውን ወይም የቤተ ሰባቸውን የእጅ ሥራ እንጂ ሌላ እንዳይሸጡ ይከለክላልና። ልጆች ቢጠይቋቸው ድንጋዩ እንዴት እንደሚቀረጽ ያስረዷቸዋል። ሲመሽ በሰፊው ጎዳና መመለስ ይቻላል።