የመንግሥት ቤት ከመሠራቱ በፊት አፈሩ ይጠየቅ

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራው በሕዝብ ገንዘብና በሕዝብ መሬት ነው። ስለሆነም የት እንደሚቆም፣ በምን መሠረት ላይ እንደሚያርፍና ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር ለመሐንዲስ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ይህም በተለይ ከመተማና ከገላባት አንሥቶ እስከ ገዳሪፍ በተዘረጋው ጠረፍ አጥብቆ ሊታሰብበት ይገባል። በዚህ አገር አፈሩም ሆነ ፀሐዩ ያለ ዕቅድ የቆመን ቤት አይምርምና።

የገዳሪፍ ሜዳ የሚታወቀው በጥቁር መረሬ አፈሩ ነው። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅም ያወጣል። ገበሬው በማሽላውና በሰሊጡ፣ ወታደሩ ደግሞ በጫማውና በመኪናው ጎማ ያውቀዋል። በጥድፊያ የተቆፈረ መሠረት ግን ከአፈሩ ጋር በየዓመቱ ይነሣል፣ ይወርዳል። በመጀመሪያው ዓመት እንደ ፀጉር የቀጠነው ስንጥቅ ከጥቂት ክረምቶች በኋላ ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ ጣሪያ ይደርሳል፤ በሩም አልዘጋ ይላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ ጉዳቱ በአንድ ቀን ስለማይታይ ተጠያቂውም ሳይታወቅ ይቀራል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ቦታ ይመረጥ። ድንጋያማው ከፍታና የኮረብታው ሥር ለቤት፣ መረሬው ሜዳ ለእርሻ ይሁን። ለም መሬት ላይ ሰፊ ግቢ አጥሮ መሐሉ ላይ አነስተኛ ቢሮ ማቆም ከሕዝቡ ጉሮሮ እህል መንጠቅ ነው። ከመረሬው ላይ ከመሥራት በቀር አማራጭ ከጠፋም፣ ጥቁሩ አፈር ተጠርጎ በማያብጥ ጠጠራማ አፈር ይተካ፤ ወይም መሠረቱ ክረምትና በጋ እርጥበቱ እምብዛም ከማይለዋወጥበት ጥልቀት ይድረስ። በግድግዳው ዙሪያ ውሃ የሚያርቅ ሰፊ ንጣፍና ቦይ ይሠራ። ትልልቅ ዛፎችም ሥራቸው የመሠረቱን እርጥበት እንዳይመጥጥ ከግድግዳው ራቅ ብለው ይተከሉ።

ዛፍ ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር እናክል። በገዳሪፍ አካባቢ በትራክተር የሚካሄደው ሰፊ እርሻ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ከተጀመረ ወዲህ የግራር ደኑ እየተመነጠረ ሜዳው ተራቁቷል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የሱዳን የደን ሕግ በዝናብ የሚያርሱ ባለ እርሻዎች ከመሬታቸው አሥር በመቶውን በዛፍ እንዲሸፍኑ ያስገድድ ነበር። መንግሥት ገበሬውን ዛፍ ትከል ብሎ ሲያዝ የራሱ ግቢ ራቁቱን ከቆመ፣ የትእዛዙ ክብደት ምን ላይ ይሆናል?

ወደ ፀሐዩ እንሻገር። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ገዳሪፍ ከምድር ወገብ በሰሜን 14ኛው ዲግሪ አካባቢ ስለሚገኝ፣ የቀትር ፀሐይ ከዓመቱ የሚበዛውን ጊዜ ከደቡብ፣ ጥቂቱን ወራት ደግሞ ከሰሜን ያዘነብላል። ግድግዳን እጅግ የሚያነደው ግን ዝቅ ብሎ የሚመታው የጧትና የማታ ፀሐይ ነው። እንግዲህ የቤቱ ቁመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢዘረጋ፣ መስኮቶቹ በሰሜንና በደቡብ ቢሆኑ፣ በሁለቱም ወገን በረንዳ ቢወጣለትና ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስና የአየር መውጫ ቢኖረው፣ ያለ ኤሌክትሪክ ማራገቢያም ቢሆን ሠራተኛው ይሠራል፤ ባለ ጉዳዩም በጥላ ሥር ተራውን ይጠብቃል።

የውሃውም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ገዳሪፍ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በዚህ ልክ 200 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ጣሪያ 120 ሺህ ሊትር ውሃ ይቀበላል። አንድ አምስተኛው በትነትና በፍሳሽ ይባክን ብንል እንኳ፣ የቀረው ባለ 20 ሊትር 4,800 ጀሪካን ይሞላል። ይህ ውሃ ዛሬ ከጣሪያው ወርዶ መሠረቱን ይሸረሽራል። አሸንዳና የተከደነ ማጠራቀሚያ ቢሠራለት ግን ቤቱን ከጉዳት፣ ሰዉንም ከጥም ያድናል።

ከላይ ታቅዶ ከታች ያልተመከረበት ሥራ ምን እንደሚያስከትል ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ውሃ ዋዲ ሐልፋን ሊውጥ በተቃረበ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ 50 ሺህ ያህል ኑብያውያን በአትባራ ወንዝ አጠገብ ወደ ተሠራችው አዲሲቱ ሐልፋ ተዛወሩ። ዝናብ ከማያውቀው አገር ወጥተው ክረምት ወዳለው የመረሬ ሜዳ ሲገቡ፣ ሰፊ ግቢ ባለው የጭቃ ቤታቸው ፋንታ በአንድ ዓይነት ፕላን የተደረደሩ ቤቶች ተሰጧቸው። ብዙዎቹ የለመዱት ኑሮ እንዲመለስላቸው ሲሉ ቤቶቹን በገዛ እጃቸው ለወጧቸው። ለእርሻቸው ውሃ የሚሰጠው የኸሽም ኤል ጊርባ ግድብም በጓንግ፣ በአንገረብና በተከዜ እየታጠበ በሚወርደው የደጋችን አፈር ተሞልቶ ውሃ የመያዝ አቅሙን ግማሽ ያህል አጥቷል። ከላይ የተራቆተ መሬት ዕዳው ከታች ይከፈላል።

ጉዳዩን ይበልጥ አስቸኳይ የሚያደርገው የጠረፉ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ስደተኞች የሰፈሩበት ኡም ራኩባ በኅዳር 2020 ለሌሎች ስደተኞች ዳግመኛ ተከፈተ። በቱናይድባ የተተከሉት ድንኳኖች በ2021 በዐውሎ ነፋስ ተገነጣጠሉ። በሚያዝያ 2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ከካርቱም የተሰደዱት ገዳሪፍ ገብተው በትምህርት ቤቶች ተጠለሉ፤ ሌሎቹም በገላባት በኩል መተማ ደረሱ። በዚህ ጠረፍ የመንግሥት ቤት የክፉ ቀን መጠለያ መሆኑ አይቀርም። እንግዲያውስ ጥላው፣ የውሃ ማጠራቀሚያውና መጸዳጃው ከወዲሁ በዚያው ልክ ይታሰብ።

ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚሉ ይኖራሉ። በእርግጥ ጥልቅ መሠረት በመጀመሪያ ወጪ ያበዛል። ነገር ግን ቤትን ከፀሐይ አኳያ ማዞር ሳንቲም አይጠይቅም፤ ውሃ የሚያርቅ ቦይም የአካፋና የጉልበት ሥራ ነው። ተሰንጥቆ በየጊዜው የሚለሰን ግድግዳ ግን የበጀት ቀዳዳ ነው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

ስለዚህ አስተዳዳሪዎች ፕላን ከማጽደቃቸው በፊት የአፈር ምርመራ ይጠይቁ፤ የቦታውን ጠባይ የሚያውቁ ሽማግሌዎችንም ያማክሩ። ሠራዊቱ ለሰፈሩም ይህንኑ ደንብ ይከተል። የከተማው ሕዝብ አዲስ ቢሮ ሲመረቅ ከማጨብጨቡ አስቀድሞ፣ ውሃው ወዴት እንደሚወርድና ጥላው የት እንደሚወድቅ ይጠይቅ። ቤቱ የእርሱ ነውና መልስ ማግኘት ይገባዋል።