የመኪና ዲጂታል ሬዲዮ፡ ወጪው የሚያዋጣው መቼ ነው?

የዜና ትንታኔ

ሬዲዮ ከመኪና ጋር ያለው ቁርኝት የቆየ ነው። አሽከርካሪ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ መረጃ የሚያገኝበት ቀዳሚው መሣሪያ ዛሬም ሬዲዮ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ለገበያ የሚቀርቡ ተሽከርካሪዎች “ዲጂታል ሬዲዮ” የተገጠመላቸው መሆኑ በመግለጫቸው ሲጠቀስ ይታያል። ይህም ለግል መኪና ገዢም ሆነ ለመሥሪያ ቤት ተሽከርካሪ የጨረታ ሰነድ ለሚያዘጋጅ ባለሙያ አንድ ጥያቄ ያስነሳል። ለዚህ መሣሪያ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ተገቢ ነውን?

ጥያቄው በመሣሪያው ጥራት ብቻ የሚመለስ አይደለም። መቀበያ ጥቅም የሚሰጠው የሚቀበለው ሥርጭት ሲኖር ነው። የሌሎች አገሮች ልምድ የሚያሳየውም ውሳኔው መኪናው በሚጓዝበት መንገድ ላይ በሚደርሰው ሥርጭት ላይ መመሥረት እንዳለበት ነው።

የቴክኖሎጂው ምንነት

በአውሮፓ የተስፋፋው የዲጂታል ሬዲዮ ሥርዓት በምህጻረ ቃል ዲ ኤ ቢ ይባላል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረ የአውሮፓ አገሮች የጋራ የምርምር ፕሮጀክት ሲሆን፣ የኖርዌይ ብሔራዊ ሬዲዮና የብሪታንያው ቢቢሲ በ1995 ሥርጭት ጀምረውበታል። ዲ ኤ ቢ ፕላስ የተባለው የተሻሻለ ደረጃ ደግሞ በ2007 ይፋ ሆኗል። በመጀመሪያው ደረጃ ብቻ የተሠሩ አሮጌ መቀበያዎች ይህን አዲሱን ደረጃ አይቀበሉም።

ኤፍ ኤም ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ባለው የሞገድ ክልል የሚሠራ ሲሆን ዲ ኤ ቢ ከ174 እስከ 240 ሜጋ ኸርዝ ያለውን ክልል ይጠቀማል። በመሆኑም በተለመደው የመኪና ሬዲዮ ላይ ጣቢያ በመፈለግ ብቻ ዲ ኤ ቢን ማዳመጥ አይቻልም። አዲስ መቀበያና ለእርሱ የሚስማማ አንቴና ያስፈልጋል።

የሥርዓቱ ጠቀሜታ በተለይ ለተጓዥ የጎላ ነው። በርካታ ጣቢያዎች በአንድ ሞገድ ተጣምረው ይተላለፋሉ። አንድ አገር አቀፍ ሥርጭት በሁሉም ማሰራጫዎች በአንድ ዓይነት ሞገድ ሊላክ ስለሚችል አሽከርካሪው ከከተማ ወደ ከተማ ሲሄድ ጣቢያውን እንደገና መፈለግ አይኖርበትም። የኤፍ ኤም ጩኸትና መንሿሿትም የለበትም። በሌላ በኩል ሥርጭቱ በሚደክምበት ቦታ ኤፍ ኤም ድምፁ እየተበላሸም ቢሆን ሲሰማ፣ ዲጂታሉ ግን ጥራቱን እንደጠበቀ ቆይቶ በድንገት ይቋረጣል። ስለዚህ የሽፋኑ ስፋት ከሁሉም በላይ ወሳኝ ነው።

ኖርዌይና ሌሎች አገሮች

በዚህ ረገድ ቀዳሚ ተጠቃሽ የምትሆነው ኖርዌይ ነች። አገሪቱ የብሔራዊ ጣቢያዎቿን የኤፍ ኤም ሥርጭት ማቋረጥ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2017 ከሰሜናዊቷ የኑርላን ክፍለ ግዛት ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ሥራውን አጠናቃለች። አነስተኛ የአካባቢ ጣቢያዎች ግን በኤፍ ኤም እንዲቀጥሉ ተደርጓል።

ለውሳኔው መነሻ የሆነው የአገሪቱ መልክዓ ምድርና ወጪ ነው። ተራራና ጠባብ የባሕር ሸለቆ በበዛበት ምድር በርካታ የኤፍ ኤም ጣቢያዎችን ለሁሉም ማዳረስ ብዙ ማሰራጫ ይጠይቃል። የኖርዌይ መንግሥት በወቅቱ እንደገለጸው አንድን ጣቢያ በኤፍ ኤም ለማሰራጨት የሚወጣው ወጪ በዲ ኤ ቢ ከሚወጣው ስምንት እጥፍ ነበር። በኤፍ ኤም አምስት ብሔራዊ ጣቢያዎችን ብቻ ሲያስተናግድ የነበረው ሥርጭት በዲጂታሉ ከሃያ በላይ ጣቢያዎችን መያዝ ችሏል።

ይሁን እንጂ ለውጡ ያለ ቅሬታ አልተፈጸመም። የቤት ውስጥ ሬዲዮን መቀየር ቀላል ሲሆን፣ ችግሩ የታየው በመኪና ላይ ነበር። ሥርጭቱ መቋረጥ በጀመረበት ወቅት ዲጂታል መቀበያ ያልነበራቸው መኪኖች ቁጥር ወደ ሁለት ሚሊዮን ይጠጋ እንደነበር ተዘግቧል። ባለቤቶቻቸው ሬዲዮውን ከመቀየር ወይም በዲጂታል የተቀበለውን ወደ መኪናው ሬዲዮ የሚያስተላልፍ ተጨማሪ መሣሪያ ከመግዛት ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም። ማሰራጫን የመለወጥ ውሳኔ የመንግሥትና የጣቢያዎች ቢሆንም ከወጪው ከፊሉ በአድማጩ ላይ ያረፈው በዚህ መንገድ ነው።

ሌሎች አገሮች የተከተሉት መንገድ የተለያየ ነው። ብሪታንያ ሰፊ የዲጂታል ሥርጭት ያላት ብትሆንም እ.ኤ.አ. በ2021 የተጠናቀቀው የመንግሥት ጥናት ኤፍ ኤም ቢያንስ እስከ 2030 እንዲቆይ አመልክቷል። የስዊዘርላንድ ብሔራዊ የስርጭት ድርጅት ኤፍ ኤምን በ2024 የመጨረሻ ቀን ያቋረጠ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የአድማጮቹ ቁጥር ቀንሷል። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ በአባል አገሮቹ የሚሸጡ አዳዲስ የቤት መኪኖች የሚገጠምላቸው ሬዲዮ ዲጂታል ሥርጭትን መቀበል የሚችል እንዲሆን ከዲሴምበር 2020 መጨረሻ ጀምሮ በሕግ አስገድዷል። አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 የፈቀደችው ሥርዓት ዲጂታሉን በነባሩ የኤፍ ኤምና የኤ ኤም ሞገድ ላይ አብሮ የሚልክ በመሆኑ አሮጌ ሬዲዮ ያለው መኪና ሥርጭት አልተቋረጠበትም።

ከዚህ የምንረዳው በአንድ አገር አስፈላጊ የሆነው መሣሪያ በሌላው ትርፍ ሊሆን እንደሚችል ነው። በኦስሎ የሚኖር አሽከርካሪ ያለ ዲጂታል ሬዲዮ የብሔራዊ ጣቢያዎቹን ሥርጭት በአየር አያገኝም። ለንደን ያለው የጣቢያ ምርጫውን ለማስፋት ይገዛዋል። ሥርጭቱ በሌለበት አገር ያለው ግን የሚሰማው ነገር አይኖርም።

የወርልድስፔስ ትምህርት

መሣሪያና ሥርጭት ሲለያዩ የሚደርሰውን ለመገንዘብ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በትውልደ ኢትዮጵያዊው ኖህ ሳማራ እ.ኤ.አ. በ1990 የተመሠረተው ወርልድስፔስ ለታዳጊ አገሮች የሳተላይት ዲጂታል ሬዲዮ ለማዳረስ የተነሳ ድርጅት ነበር። አፍሪስታር የተባለችው ሳተላይቱም በ1998 መጥቃ የአፍሪካን አድማጮች አገልግላለች። ሐሳቡ ታላቅ፣ የድምፅ ጥራቱም የተመሰገነ ነበር። ሆኖም ድርጅቱ በ2008 ለኪሳራ ተዳረገ። አገልግሎቱ ሲያበቃ መቀበያዎቹ ሳይበላሹ የሳተላይት ሥርጭት መቀበላቸው አብሮ አበቃ። ሬዲዮ ስንገዛ ከዕቃው ጋር የአሰራጩን ቀጣይነትም አምነን የምንገዛ መሆኑን ይህ አጋጣሚ ያስገነዝባል።

ወደ አገራችን ስንመጣ

በኢትዮጵያ መደበኛ የዲ ኤ ቢ ሥርጭት የለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በጄኔቫ የተደረሰው አገሮችን ያስተባበረ ስምምነት የዚህን የሞገድ ክልል አብዛኛውን ክፍል ለዲጂታል ቴሌቪዥንና ሬዲዮ የደለደለ በመሆኑ በሩ ክፍት ነው። በአህጉራችን ደቡብ አፍሪካ በ2020 የዲጂታል ሬዲዮ ፖሊሲ አውጥታለች። ሆኖም ዛሬ ከአውሮፓ በሚመጣ መኪና ላይ ያለው የዲ ኤ ቢ ምርጫ አዲስ አበባ ውስጥ ሲከፈት የሚያገኘው ጣቢያ አይኖርም። ስለሆነም ለዚህ ብቻ ተብሎ የሚከፈል ተጨማሪ ዋጋ የሚያስገኘው ጥቅም የለም።

ለእኛ ይበልጥ የሚያሳስበው ሌላው ጉዳይ ነው። ኤፍ ኤም ጥራት ያለው ቢሆንም ከማሰራጫው ብዙ አይርቅም፤ ተራራም ይጋርደዋል። ከከተማ ወጥቶ ለመስክ ሥራ የሚጓዝ ሠራተኛ ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ እንደሚጠፋበት ያውቃል። የብሔራዊ ሬዲዮ ሥርጭት ለአሥርት ዓመታት ገጠሩን የደረሰው ርቀትን በሚያቋርጡት በመካከለኛና በአጭር ሞገድ ነው። ይህ ሞገድ ግን ከአዳዲስ መኪኖች እየጠፋ ይገኛል።

ምክንያቱ የኤሌክትሪክ መኪና መስፋፋት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተሩና ተጓዳኝ ክፍሎቹ የሚያመነጩት ሞገድ የመካከለኛ ሞገድ ሥርጭትን ይረብሻል። በዚህ ሳቢያ ቴስላንና ቢ ኤም ደብሊውን የመሳሰሉ አምራቾች ከኤሌክትሪክ መኪኖቻቸው ላይ ኤ ኤምን አውጥተዋል። ፎርድ ኩባንያም በ2023 ተመሳሳይ ውሳኔ አሳልፎ የነበረ ቢሆንም የአደጋ ጊዜ መልእክት ይስተጓጎላል የሚል ተቃውሞ በማስነሳቱ ውሳኔውን ሽሯል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ሲታሰብ ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አለመሆኑ ግልጽ ነው።

ምን ማድረግ ይገባል?

ከዚህ አንፃር የግል ገዢም ሆነ የመሥሪያ ቤት የግዥና የስምሪት ባለሙያ ጥቂት ነጥቦችን ቢያጤን ይጠቀማል።

አንደኛ፣ ሬዲዮው ኤፍ ኤምን እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ የሚቀበል መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ ሬዲዮዎች የሚጀምሩት ከ76 ሜጋ ኸርዝ ሲሆን ብዙዎቹ ከ90 ሜጋ ኸርዝ አያልፉም። በእነዚህ ሬዲዮዎች ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1 ወይም ሸገር 102.1 ያለ መለወጫ አይሰሙም።

ሁለተኛ፣ ለመስክ ሥራ የሚገዛ ተሽከርካሪ መካከለኛ ሞገድ የሚቀበል መሆን አለመሆኑ በቴክኒክ መግለጫው ላይ በግልጽ መጠየቅ ይኖርበታል። ይህ ከግዥ በፊት የሚጠየቅ እንጂ መኪናው ገጠር ከገባ በኋላ የሚደረስበት መሆን የለበትም።

ሦስተኛ፣ ዲጂታል ሬዲዮ ከመኪናው ጋር አብሮ ከመጣ የሚጎዳ ነገር የለውም፤ ሥርጭቱ አንድ ቀን ሲጀመር ያገለግላል። በተጨማሪ ክፍያ ከሆነ ግን ገንዘቡን ለተሻለ አንቴና ወይም ስልክን ከመኪናው ድምፅ ማጉያ ጋር ለሚያገናኝ መሣሪያ ማዋል ይሻላል። በኢንተርኔት የሚተላለፉ ጣቢያዎችን በስልክ ማዳመጥ የሚቻል ቢሆንም ይህ የሚሠራው ኔትወርክ ባለበት ብቻና በሚከፈል ዳታ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

የዲጂታል ሬዲዮ ጊዜ በአገራችንም መምጣቱ የማይቀር ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ የኖርዌይ ልምድ የሚያስተምረው ከማሰራጫው ለውጥ አስቀድሞ በመንገድ ላይ ስላሉት መኪኖች ማሰብ ተገቢ መሆኑን ነው። እስከዚያው ድረስ ግን የገዢው ጥያቄ “ይህ ሬዲዮ ዲጂታል ነውን?” ከሚለው ይልቅ “በምሄድበት መንገድ ምን ያሰማኛል?” የሚለው ሊሆን ይገባል።