የተቃጠለው ካምቢዮ ይታደስ ወይስ በማኑዋል ይተካ?

በደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች የጭነት መኪና የአንድ ባለቤት ንብረት ብቻ አይደለም። ከኩታበር እህል ጭኖ ደሴ ገበያ የሚደርሰው፣ ሲመለስም ጨው፣ ስኳርና ቆርቆሮ የሚያመጣው፣ ሲቸግርም በሽተኛ አሳፍሮ ወደ ሐኪም ቤት የሚሮጠው እርሱ ነው። ስለዚህ አንድ መኪና ጋራዥ ገብቶ ሲቆም የባለቤቱ ገቢ ብቻ አይቋረጥም፤ የሾፌሩና የረዳቱ እንጀራ፣ የነጋዴውና የገበሬው ሥራም አብሮ ይቆማል።

ያገለገሉ ሆነው ወደ አገራችን ከገቡት ፒካፖችና አነስተኛ የጭነት መኪኖች መካከል አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው አሉ። ከእነዚህ የአንዱ ካምቢዮ የተቃጠለ እንደሆነ ባለቤቱ ሁለት ምክር ይሰማል። አንደኛው ወገን «ተከፍቶ ይታደስ» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «አውጥተህ ጣለውና ማኑዋል አስገባበት፤ አውቶማቲክ ላገራችን አይሆንም» ይላል። ክርክሩን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈታው የኪስ አቅም ወይም የመካኒኩ ልማድ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ከሁለቱም ምክር በፊት ሊመለስ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ የሚል ነው፤ ይኸውም «ካምቢዮውን ያቃጠለው ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ይህን ሳይመልሱ ማደስም ሆነ መለወጥ ለአንድ በሽታ ሁለት ጊዜ መድኃኒት መግዛት ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ካምቢዮ ፍጥነትን ሰጥቶ የማዞር ኃይልን የሚገዛ መሣሪያ ነው። ማርሾቹ የሞተሩን ዙር በአራት እጥፍ ቢቀንሱት የማዞር ኃይሉን በዚያው መጠን ያበዙታል። ከዚህ ልውውጥ ትርፍ ጉልበት አይገኝም፤ ተፈጥሮ በነጻ የምትሰጠው ጉልበት የለምና።

በማኑዋል መኪና ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ነው። ፍሪሲዮኑ ከያዘ በኋላ ሁለቱ ወገኖች እንደ አንድ ብረት ሆነው አብረው ይዞራሉ። በተለመደው አውቶማቲክ ውስጥ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ዘይት ነው። የዚህን ኮንቨርተር የሚባል ክፍል ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1905 ያፈለቀው ጀርመናዊው መሐንዲስ ኸርማን ፎቲንገር ሲሆን፣ ያሰበውም ለመኪና ሳይሆን ለመርከብ ነበር። ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ቬንቲሌተሮችን እናስብ። አንደኛው በኤሌክትሪክ ሲዞር ከእርሱ የሚወጣው ነፋስ ሌላውን ያዞረዋል። በኮንቨርተር ውስጥ የነፋሱን ቦታ ዘይት ይይዛል፤ በመካከል ያለ ሦስተኛ ክንፍ ደግሞ የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫ እያስተካከለ፣ መኪናው ከቆመበት ሲነሣ የማዞር ኃይሉን ሁለት እጥፍ ያህል ያደርገዋል።

ይህ ብልሃት ዋጋ አለው። ሁለተኛው ክንፍ ከመጀመሪያው ዘግይቶ በሚዞርበት ጊዜ ሁሉ ዘይቱ ይሸራተታል፤ የተሸራተተውም ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። አዳዲስ ካምቢዮዎች መኪናው ፍጥነት ሲያገኝ ኮንቨርተሩን የሚቆልፍ የውስጥ ፍሪሲዮን አላቸው። ይሁን እንጂ ጭነት ይዞ በዝግታ በሚወጣበት ዳገት ላይ ይህ ቁልፍ ብዙውን ጊዜ ክፍት ሆኖ ይቆያል።

እስቲ በቁጥር እንለካው። ሞተሩ ዳገቱ ላይ 60 ኪሎዋት እያወጣ ነው፣ ኮንቨርተሩም ከዚህ 70 በመቶውን ብቻ ያስተላልፋል እንበል። የቀረው 18 ኪሎዋት በዘይቱ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ይህ አምስት የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣዶች በአንድ ጊዜ ሲጋገርባቸው ከሚፈጁት ጋር የሚቀራረብ ነው። በካምቢዮው ውስጥ ያለው ዘይት 8 ሊትር ቢሆንና ማቀዝቀዣው ቢደፈን፣ ብረቱ የሚወስደውን ሙቀት ለጊዜው ብንተወው፣ ዘይቱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። ዘይቱ ከመጠን በላይ ሲግል ይጠቁራል፤ ጎማ ማኅተሞቹ ይደርቃሉ፤ የዘይቱ ግፊት ይወርዳል፤ በመጨረሻም በውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሸራዎች እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። ባለቤቱ «ካምቢዮው ሞተ» የሚለው በዚህ የመጨረሻ ደረጃ ላይ ነው። በሽታው ግን የጀመረው ከማቀዝቀዣው ነው።

የወሎ ከፍታ በዚህ ላይ የራሱን ይጨምርበታል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ላይ ትገኛለች፤ ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው መንገድም ጉጉፍቱ አካባቢ ከ3000 ሜትር በላይ ይወጣል። በ2500 ሜትር የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከአቅሙ ተቀራራቢ ድርሻ ያጣል። ሾፌሩም ነዳጅ መስጫውን አብዝቶ ይረግጣል፤ መኪናው በዝግታ ይሄዳል፤ የመንሸራተቱ ጊዜ ይረዝማል። ያው ስስ አየር ደግሞ በራዲያተሩ በኩል ሲያልፍ የሚሸከመው ሙቀት አነስተኛ ነው። ሙቀቱ በዝቶ ማቀዝቀዣው ይደክማል ማለት ነው።

ዳገቱ የካምቢዮውን ዕድሜ ሲፈትን፣ ቁልቁለቱ የሰውን ሕይወት ይፈትናል። ይህ አገር ያንን ቀድሞ ያውቀዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ 7 ቶን ያህል የሚመዝን ሲሆን፣ በ1860 ዓ.ም. የበሽሎን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ መቅደላ ደርሷል። ያን የሚያህል ብረት ሽቅብ መጎተት ብቻ ሳይሆን ቁልቁል እንዳይሮጥ መያዝም ከባድ ሥራ ነው።

ጭነቱን ጨምሮ 5 ቶን የሚመዝን መኪና ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ የከፍታው ልዩነት በግምት 600 ሜትር ነው። በዚህ ጉዞ የሚለቀው ጉልበት 29 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ይህ ጉልበት 100 ሊትር ገደማ የሚሆን ቀዝቃዛ ውኃ በደሴ ከፍታ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ አየሩና ጎማው የሚወስዱት አለ፤ የቀረውን ሞተሩ በማርሽ ካልያዘው ፍሬኑ ይሸከመዋል። የጋለ ፍሬን መያዙን ሲያቆም ደግሞ በየመንገዱ «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው አደጋ ይከተላል። በማኑዋል መኪና ሾፌሩ በሁለተኛ ማርሽ ሲወርድ ጎማው ሞተሩን በቀጥታ ያዞረዋል። በአውቶማቲክ ግን ካልተቆለፈ ኮንቨርተሩ ወደ ሞተሩ የሚያደርሰው መያዝ ደካማ ነው፤ ሾፌሩም ማርሹን ዝቅ ወዳለው ቦታ ሳያወርድ «ዲ» ላይ ትቶት ከወረደ ከሞተሩ የሚያገኘው እርዳታ እጅግ ያንሳል።

ታዲያ ወደ ማኑዋል መለወጥ ይሻላል? በኩታበር መንገድ ጭነት እየጫነ ለሚሠራ መኪና መልሴ አዎን ነው፤ ምክንያቶቼም ሁለት ናቸው። አንደኛው አሁን የጠቀስሁት የቁልቁለት ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የዕውቀት ጉዳይ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬን የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ ወደ አማርኛ ገብተው የጋራዥ ቋንቋ ሆነዋል። ቃሉ ሥር የሰደደው ዕውቀቱ ሥር ስለ ሰደደ ነው። የፍሪሲዮን ሸራ የሚቀይር፣ የተበላ ዘንግ በቶርኖ የሚያስተካክል ባለሙያ በየከተማው ይገኛል። የአውቶማቲክ ካምቢዮን የዘይት መስመሮች ከነቫልቮቻቸው ፈትቶ፣ ግፊቱን ለክቶ የሚገጥም ሰው ግን እንደ ልብ አይገኝም። ከቤቱ አጠገብ የማይጠገን መኪና ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን በገጠር መንገድ ላይ እንግዳ ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ካምቢዮ ሲለወጥ ሙቀቱ ቦታውን ይቀይር ይሆናል እንጂ በራሱ አይጠፋም። የአውቶማቲኩ አንደኛ ማርሽ ዙሩን በ2.5 የሚቀንስ ቢሆንና ኮንቨርተሩ ሁለት እጥፍ ቢጨምርበት፣ መኪናው ሲነሣ ከማርሹና ከኮንቨርተሩ የሚያገኘው ብዜት 5 ነው። በምትኩ የሚገባው ማኑዋል አንደኛ ማርሹ 4 ብቻ ከሆነ መኪናው ከቀድሞው አንድ አምስተኛ ያህል ይጎድልበታል። ሾፌሩ ጉድለቱን የሚሞላው ሞተሩን አስጩኾ ፍሪሲዮኑን በማንሸራተት ነው። ቀድሞ ዘይቱን ያቃጥል የነበረው ሙቀት አሁን የፍሪሲዮኑን ሸራ ያቃጥላል። ስለዚህ ማንኛውም ባለቤት ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የአዲሱን ካምቢዮ የአንደኛ ማርሽ ብዜት ጠይቆ ከአሮጌው ጋር ማነጻጸር አለበት። ይህ ስሌት ከአንድ ማባዛት አያልፍም፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪም ሊሠራው ይችላል።

መለወጡ ሙሉ ሊሆንም ይገባዋል። ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑ፣ የፍሪሲዮኑ መርገጫና በሞተሩ ጫፍ የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት ከአንድ ዓይነት መኪና ቢመጡ ይመረጣል። ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ ርዝመቱ ሊስተካከል፣ ሚዛኑም ሊጠበቅ ግድ ነው። ሞተሩ በኮምፒውተር የሚመራ ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ ከጠፋው ካምቢዮ የሚጠብቀው ምልክት አለ፤ ያን ሲያጣ የሞተሩን አቅም ሊገድብ ይችላል። እነዚህን ነገሮች ማሟላት የማይቻል ከሆነ፣ ወይም መኪናው ቀላልና ለቤተሰብ የሚያገለግል ከሆነ፣ ማደሱ ይሻላል። በዚህም ጊዜ ኮንቨርተሩ ሳይጸዳ ወይም ሳይቀየር፣ የማቀዝቀዣው ቱቦ ሳይታጠብ፣ ለዳገት ሥራም ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ሳይገጠም አዲስ ሸራ ማስገባት ከንቱ ድካም ነው። በአሮጌው ኮንቨርተር ውስጥ የቀረው የብረት ብናኝ አዲሱን ካምቢዮ ይበላዋልና።

«አውቶማቲክ ላገራችን አይሆንም» የሚለው ፍርድ ግን ሊታረም ይገባል። በዓለም ላይ ካሉት ታላላቅ የማዕድን ገልባጭ መኪኖች ብዙዎቹ የሚሠሩት በኮንቨርተር ነው፤ የሚሸከሙትም ከእኛ መኪኖች በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ልዩነቱ ማቀዝቀዣቸው ለሥራቸው ተለክቶ የተሠራ መሆኑ፣ ለቁልቁለትም የተለየ መያዣ ያላቸው መሆኑ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የመሣሪያው ዓይነት አይደለም፤ መሣሪያውና ሥራው አለመመጣጠናቸው ነው። ምክንያቱን ሳይመረምሩ በዕቃው ላይ መፍረድ ሳይንሳዊ አስተሳሰብ አይደለም።

ይህ ልማድ ነገም ያስከፍለናል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ መኪኖችም በመንገዶቻችን ላይ እየበዙ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ጀምሮ ሙሉ የማዞር ኃይል ስለሚሰጥ አብዛኞቹ መኪኖች ማርሽ የሚለዋወጥበት ካምቢዮ አያስፈልጋቸውም። በቁልቁለቱ ላይ በፍሬን ከሚባክነው 29 ሚሊዮን ጁልም ከፊሉን ወደ ባትሪ ይመልሳሉ። ይሁን እንጂ ባትሪም እንደ ካምቢዮ ዘይት ሙቀትን ይፈራል። ዛሬ የካምቢዮውን ሞት ምክንያት መመርመር ያልለመደ ጋራዥ ነገ በባትሪው ላይ ያንኑ ችኩል ፍርድ መስጠቱ አይቀርም።

ውድ ተማሪዎች ሆይ፣ ትምህርታችሁ እዚህ ላይ ሥራ ያገኛል። ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ሆነ ከአካባቢው ቴክኒክ ኮሌጆች የሚወጣ አንድ ተማሪ ቴርሞሜትር ይዞ፣ ጭነት በጫነ መኪና የዳገቱን መንገድ ተጉዞ፣ የካምቢዮውን ዘይት ሙቀት በየኪሎ ሜትሩ ቢመዘግብ፣ ለመካኒኩም ለባለቤቱም ከመቶ ክርክር የሚበልጥ መረጃ ያቀርባል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ውድ ላቦራቶሪ አይደለም፤ አንድ መለኪያ፣ አንድ ደብተርና «ምን አቃጠለው?» ብሎ የመጠየቅ ትዕግሥት ነው።