ክረምት ሳይወጣ ምን ልታነቡ ነው?



ሁለተኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 4ን ስንሰብክ አብዛኛውን ጊዜ ጳውሎስ ስለ ገድሉና ስለ አክሊሉ በተናገረው ላይ ቆመን እንቀራለን። ጥቂት ቁጥሮች ዝቅ ብንል ግን ሐዋርያው ሲለምን እናገኘዋለን። በጢሮአዳ ትቶት የመጣውን በርኖስ፣ መጻሕፍቱንም፣ ይልቁንም ብራናዎቹን እንዲያመጣለት ጢሞቴዎስን ይጠይቀዋል። ቁጥር 21 ላይ ደግሞ ክረምት ሳይገባ እንዲደርስለት አጥብቆ ያሳስበዋል። የእነርሱ ክረምት መርከብ የሚያስቆም የብርድ ወራት ነበር። የእኛው የዝናብ ነው። ሰውየው ግን እስር ቤት ነው፤ የሚሞትበት ቀን እንደ ቀረበም ያውቃል። ሦስተኛውን ሰማይ ያየ፣ ከአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ብዙዎቹን የጻፈ አገልጋይ በመጨረሻዎቹ ቀኖቹ መጽሐፍ አምጡልኝ ይላል።

ይህን አስቀድሜ የማነሣው በቤታችን ሥር የሰደደ አንድ አባባል ስላለ ነው። “እኔ መጽሐፍ አላነብም፤ መንፈስ ቅዱስ ራሱ ያስተምረኛል፤ ፊደል ይገድላል” የሚል አባባል። አንዳንድ ጊዜም ከመድረክ ሲነገር “አሜን” ይባልለታል። ወገኖቼ፣ ይህ መንፈሳዊነት የለበሰ ስንፍና ነው። በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 3 ላይ ያለው ንጽጽር በድንጋይ ጽላት በተቀረጸው ኪዳንና መንፈስ በልብ በሚጽፈው አዲስ ኪዳን መካከል ነው። ማንበብንና አለማንበብን ማወዳደር አይደለም። ያንን ቃል የጻፈው እጅ ነው በኋላ መጻሕፍት አምጡልኝ ብሎ የጻፈው! ነቢዩ ዳንኤልም ራእይ የሚያይ ሰው ሆኖ ሳለ የምርኮውን ዘመን ቍጥር ያስተዋለው የኤርምያስን ጽሑፍ አንብቦ እንደ ሆነ በምዕራፍ 9 መጀመሪያ ላይ ይነግረናል። የእኛው አገር ሰው፣ የሕንደኬ ጃንደረባ፣ በሠረገላው ላይ ምን ያደርግ ነበር? ያነብ ነበር። መንፈስ ቅዱስ ፊልጶስን ወደ እርሱ የላከው መጽሐፉን ሊያስጥለው ሳይሆን ያነበበውን እንዲያስተውል ሊረዳው ነው።

እንግዲህ ማንበብ ይገባናል። ግን ምን እናንብብ?

በየአዳራሹ በር፣ በየጕባኤው መውጫ ላይ የሚደረደሩትን መጻሕፍት ተመልከቱ። የሽፋኑን ሦስት እጅ የሚይዘው የደራሲው ፎቶግራፍ ነው። ርዕሱ ቍጥር አለው፤ ሰባት ቍልፎች፣ አሥር ደረጃዎች፣ ሃያ አንድ ቀኖች። ውስጡን ስትገልጡት ስለ ራእይ፣ ስለ ከፍታ፣ ስለ ስኬት ይናገራል። ስለ ኀጢአት፣ ስለ ንስሓ፣ ስለ መስቀል ግን አንድ ሙሉ ገጽ ማግኘት ያስቸግራል። አንዳንዱ ከውጭ የመጣ የማነቃቂያ ንግግር ነው፤ በየምዕራፉ አንድ አንድ ጥቅስ ተነስንሶበት “መንፈሳዊ መጽሐፍ” ተብሎ ይሸጣል። በርበሬ የተነሰነሰበት ሁሉ ወጥ አይሆንም።

ይህ የጣዕም ጕዳይ ብቻ ቢሆን ብዕር ባላነሣሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ልጇን በቀበረች በሦስተኛው ሳምንት ወደ ቢሮዬ መጣች። ከቦርሳዋ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ያሰመረችበትን ቦታ አሳየችኝ። በሽታ ከቤት የማይወጣው በቤቱ ውስጥ እምነት ሲጎድል ነው ይላል። “ፓስተር፣ እንዲህ ከሆነ ልጄን የገደልሁት እኔ ነኝ ማለት ነው?” አለችኝ። ያንን መጽሐፍ የጻፈው ሰው እርሷን አያውቃትም፤ ለቅሶዋም ላይ አልተቀመጠም። ገንዘቡን ተቀብሎ ሄዷል። እኔ ያሳየኋት ከላይ የጠቀስሁትን ያንኑ ምዕራፍ ነው። ጳውሎስ መጻሕፍቱን ከለመነ በኋላ፣ ስለ ክረምት ከመናገሩ በፊት፣ በቁጥር 20 ላይ ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን እንደ ተወው ይናገራል። በእጁ ብዙዎች የተፈወሱ ሐዋርያ የአገልግሎት ባልደረባውን ታሞ ተወው! እምነት የጎደለው ማን ነበር? ጳውሎስ ነው ወይስ ጥሮፊሞስ? ለጢሞቴዎስስ ስለ ሆዱና ስለ ሕመሙ ብዛት ምክር የጻፈለት ለምንድር ነው? እግዚአብሔር ይፈውሳል፤ እኔም ለታመሙ እጸልያለሁ። ነገር ግን ሐዘንተኛን ነፍሰ ገዳይ የሚያደርግ ትምህርት የጌታ ኢየሱስ ትምህርት አይደለም። ክፉ መጽሐፍ እንዲህ ነው የሚጎዳው፤ ድምፅ ሳያሰማ ማታ በመኝታ ቤት ውስጥ።

“ታዲያ ፓስተር፣ መልካሙን ከክፉው በምን እንለየው?” የሚል ይኖራል። የቤርያ ሰዎች የጳውሎስን ስብከት እንኳ በየቀኑ መጻሕፍትን እየመረመሩ ፈተኑ፤ ሉቃስም ስለዚህ ልበ ሰፊዎች አላቸው እንጂ አመፀኞች አላላቸውም። የእኛ ሰውም ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል። አንድ መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ።

አንደኛ፣ መካከሉ ላይ የቆመው ማን ነው? ክርስቶስና መስቀሉ ናቸው ወይስ የደራሲው ገጠመኝ? ጥቂት ምዕራፎች አንብባችሁ ስለ ደራሲው ብዙ፣ ስለ ጌታ ጥቂት ካወቃችሁ መልሳችሁ አስቀምጡት።

ሁለተኛ፣ ጥቅሱን እንዴት ይይዘዋል? ኤርምያስ 29፥11ን ሲጠቅስ ከእርሱ በፊት ያለውን ቁጥር፣ የሰባ ዓመቱን ምርኮ፣ ይነግራችኋል? ፊልጵስዩስ 4፥13ን ሲጠቅስ ሐዋርያው ስለ መራብና ስለ መጕደል እየተናገረ እንደ ነበር ያስታውሳችኋል? በሦስተኛ ዮሐንስ መጀመሪያ ላይ ያለውን የሰላምታ ምኞት የሀብት ቃል ኪዳን አድርጎ ከተረጐመላችሁ የቀረውንም እንደዚያው ነው የሚይዘው።

ሦስተኛ፣ ለመከራ ቦታ አለው? በወኅኒ ላለ፣ ካንሰር ለያዘው፣ ከሥራ ለተባረረ ሰው ሊነበብ የማይችል መጽሐፍ ወንጌልን አልያዘም።

አራተኛ፣ ዕድሜው ስንት ነው? አዲስ መጽሐፍ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ጊዜ ግን ጥሩ ወንፊት ነው። ሲ. ኤስ. ልዊስ ለቅዱስ አትናቴዎስ መጽሐፍ በጻፈው መቅድም ላይ አንድ አዲስ መጽሐፍ ካነበባችሁ በኋላ አንድ አሮጌ ሳታነቡ ወደ ሌላ አዲስ አትለፉ ብሎ መክሯል። እያንዳንዱ ዘመን የራሱ ስሕተት አለው፤ የእኛን ስሕተት የሚያሳየን በእኛ ዘመን ያልኖረ ሰው ነው።

አሁን ወደ ምርጫው ልምጣ። ከሁሉ በፊት ራሱ ቃሉ ይቅደም። ከሐምሌ 1 እስከ ጳጕሜን 5 ድረስ 65 ቀኖች አሉ። አዲስ ኪዳን 260 ምዕራፎች አሉት። በቀን አራት ምዕራፍ ያነበበ ሰው እንቍጣጣሽ ሲመጣ አዲስ ኪዳንን ከዳር እስከ ዳር ጨርሷል። ብዙዎቻችን ለዓመታት አማኞች ሆነን ይህን አንድ ጊዜ እንኳ አላደረግነውም። ስለ መጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈ መጽሐፍ መጽሐፍ ቅዱስን አይተካም።

ቀጥሎ ከጥንቶቹ አንድ ምረጡ። አትናቴዎስ ስለ ቃል ሥጋ መሆን የጻፈው መጽሐፍ አጭር ነው። ለአገራችን ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ የላከ፣ ስለ ክርስቶስ አምላክነት አምስት ጊዜ የተሰደደ አባት ነው። “እርሱ የእነርሱ ነው” የምትሉ ካላችሁ፣ ጌታ ኢየሱስ እውነተኛ አምላክ ነው ብላችሁ ስትዘምሩ እርሱ በተሟገተለት እውነት ላይ ቆማችሁ እንደ ሆነ አስተውሉ። የሰሜን አፍሪካው አውግስጢኖስ ኑዛዜዎቹን የጻፈውም በ400 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ገና ጌታን ሳታምኑ በጥያቄ ውስጥ ላላችሁ ከእርሱ የሚቀርባችሁ ጓደኛ አይገኝም። የጆን በንያን የመንገደኛው ክርስቲያን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1678 ታተመ፤ ወደ አማርኛም ከመቶ ዓመት በላይ በፊት ተተርጕሟል። የጻፈው ሰው ያለ ፈቃድ ሰበክህ ተብሎ አሥራ ሁለት ዓመት ታስሯል። ዲትሪሽ ቦንሆፈር በምእመናን ኅብረት ስለ መኖር የጻፈውንም አክሉበት። የሚመራውን የአገልጋዮች ማሠልጠኛ የናዚ ፖሊስ ከዘጋበት በኋላ የጻፈው ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1945 ተሰቅሎ ተገደለ። የእነዚህ ሰዎች መጻሕፍት ስለ ከፍታ አይሰብኩም፤ ዋጋ ተከፍሎባቸዋል።

ሦስተኛው የራሳችን ታሪክ ይሁን። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ መነኵሴ በካይሮ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ለመተርጐም ወደ አሥር ዓመት ደክሟል። በልጅነታቸው ባርነትን የቀመሱት ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ እ.ኤ.አ. በ1899 የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታትሞ እንዲወጣ አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1937 ሚሲዮናውያን ከወላይታ ሲባረሩ ትተው የሄዱት ጥቂት አሥሮች አማኞችን፣ በቋንቋቸው የተዘጋጀ የማርቆስ ወንጌልንና አነስተኛ የቃሉን ክፍሎች ነበር። ሲመለሱ በሺዎች የሚቈጠር ምእመን ጠበቃቸው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከመጽሐፍ ጋር የተወለደች ናት። መደርደሪያችን ባዶ ሆኖ ሳለ የድምፅ መሣሪያ በመቶ ሺዎች ስንገዛ የማን ልጆች መሆናችንን ረስተናል።

አራተኛው አንዳንዶቻችሁን ያስደነግጥ ይሆናል፤ አንድ ጥሩ የአማርኛ ልብ ወለድ አንብቡ። ጳውሎስ በአቴና የግሪክን ባለቅኔዎች ጠቅሶ ሰብኳል፤ ሳያነብ ወይም ሳይሰማ ከየት አመጣው? የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር ያነበበ ሰባኪ የሚሰብክለትን ሕዝብ ልብና ቋንቋ ከማያነበው በተሻለ ያውቃል። በእርግጥ ሁሉም አይነበብም። በኤፌሶን ያመኑት የአስማት መጽሐፋቸውን ያቃጠሉት ዋጋው ሃምሳ ሺህ ብር እያወጣ ነው። ለጥንቈላና ለዝሙት መጽሐፍ ዛሬም ቦታው ያው እሳት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በቴሌግራም የሚዘዋወረውን ያለ ፈቃድ የተገለበጠ መጽሐፍ “ለወንጌል ነው” እያላችሁ አታሠራጩ። የአማርኛ ተርጓሚና አሳታሚ በእንጀራው ላይ ሲቀማ በሚቀጥለው ዓመት የሚተረጐም መልካም መጽሐፍ አይኖርም። አትስረቅ የሚለው ትእዛዝ በስልክ ላይም ይሠራል። አቅም የሌለው ይዋስ፤ ሁለት ቤተ ሰብ አንድ ይግዙ፤ የቤት ኅብረቶች ተራ በተራ ያንብቡ።

እናንተ እረኞችም፣ ወንድሞቼ፣ ይህ ከሁሉ በፊት የእኛ ጕዳይ ነው። በአዳራሻችን በር ላይ የሚሸጠውን የምንፈቅደው እኛ ነን። መንጋችን ምን እንደሚበላ ሳናይ እሑድ ስለ ሐሰተኛ ትምህርት ብንጮህ ማን ይሰማናል? በዚህ ሳምንት ጠረጴዛውን ዞር ብላችሁ እዩት። ልቅሶ ቤት ይዛችሁት ለመግባት የምታፍሩበትን መጽሐፍ ከዚያ ላይ አንሡት።

ዝናቡ በጊዜ ቤት ያስገባናል፤ ልጆቹም ትምህርት ዘግተው ከእኛ ጋር ናቸው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ያላችሁም ረጅሙ ሌሊታችሁ በታኅሣሥና በጥር ሲመጣ ይህንኑ አስቡ። ማታ ስልካችሁን አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ከአራቱ ምዕራፎች አንዱን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ለቤተ ሰባችሁ አንብቡ፤ ከዚያም ከመረጣችሁት መጽሐፍ አሥር ገጽ ጨምሩ።

ያችን እናት ዛሬም አገኛታለሁ። ሐዘኗ አልጠፋም፤ አሁን ግን የምታነበው የሚያለቅስ ጌታ ያለበትን መጽሐፍ ነው፤ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11ን።

የሰላም አምላክ አእምሮአችሁን ያብራላችሁ። አሜን።